ሽማግሌዎቹ ወረቀት ይዘው መጥተዋል፤ ወንድሜ ይፈርም?

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር ነው። ታላቅ ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው፣ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ሥራው ጣና ላይ ዓሣ ማስገር ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ እኔን አሳድጎ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ከደንገል ታንኳ ላይ መረብ እየጣለ።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ጎህ ሲቀድ መረቡን ሊያነሳ ወጣ። ባዶውን ወደ ዘጌ የሚበር ሞተር ጀልባ ከኋላው መጣበት። ታንኳዋን ለሁለት ከፈላት። ወንድሜ ውሃ ውስጥ ወደቀ፣ ጀልባውም በላዩ አለፈ። ከታች የሚሽከረከረው የሞተሩ ምላጭ ግራ እግሩን ከጥቅም ውጭ አደረገው። ሐኪሞቹ ሊያተርፉለት ሞክረው አልሆነም፣ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ጀልባውን ይነዳ የነበረው የባለቤቱ የእህት ልጅ ነው። ፖሊስ ይዞት ነበር፣ በዋስ ወጣ። መዝገቡ የት እንደደረሰ የሚነግረን አጣን። ባለቤቱ መጀመሪያ ላይ ደህና ሰው ነበር። ለሆስፒታል 30 ሺህ ብር ከፍሏል። በኋላ ግን ቃሉ ተለወጠ። «እኔ ጀልባው ላይ አልነበርኩም፣ ልጁም ሳያስፈቅደኝ ነው የወሰደው፤ ደግሞስ በጨለማ ያለ መብራት ማን ውጣ አለው?» ይላል።

አሁን መጋቢት ሲገባ ሽማግሌ ላከብን። 150 ሺህ ብር እሰጣለሁ ብሏል። ሽማግሌዎቹ የተተየበ ወረቀት ይዘው መጡ። «ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት የመብት ጥያቄ አላነሳም» ይላል። ከፋሲካ በፊት ይፈረም ነው የሚሉት።

ወንድሜ ሊፈርም ቆርጧል። «ሸክም ሆንኩባችሁ፣ በብሩ ትንሽ ሱቅ ልክፈትበት» ይለኛል። ሌሊት የሌለው እግሩ ያሳክከዋል። እጁን ሰዶ ጣቶቹን ሊያክ ሲል ባዶ ፍራሽ ይነካል። ቀን ከሰው ጋር አይነጋገርም። እናታችን ደግሞ «የሰፈር ሰው ነው፣ ፍርድ ቤት ተካሶ እንዴት ዓይን ለዓይን እንተያያለን?» ትላለች። ለጠበቃ የምንከፍለው የለንም። ጊዜውስ አላለፈብንም? 150 ሺህ ብር ለአንድ እግር ተገቢ ነው?

እህቱ

*

እህቴ፣

ወንድምሽ ይህን ወረቀት አይፈርም። ሌላውን ሁሉ ከዚህ በታች አስረዳሻለሁ፣ ግን ደብዳቤዬን ሳትጨርሺ ሽማግሌዎቹ በር ቢያንኳኩ ይህችን ብቻ ያዢ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። በሕጋችን ሁለት ሰዎች ክርክራቸውን በስምምነት ከጨረሱ ያ ስምምነት በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 ነው እንዲህ የሚለው። «መብቴን በደንብ አላወቅሁም ነበር» ብሎ መመለስ አይቻልም። ከሁለት ዓመት በኋላ ቁስሉ አመርቅዞ ሌላ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው ባለጀልባው ያንን ወረቀት ያወጣል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። «ምንም ዓይነት የመብት ጥያቄ» የሚለው ቃል ለዚህ ነው የገባው።

ሽምግልናውን ግን አልጠላውም። እናትሽ የምትለው ይገባኛል። በአንድ ሰፈር እየኖሩ፣ በአንድ ዕድር እየተቀባበሩ መካሰስ ከባድ ነው። ሰው ግን ታርቆም ካሳውን ይጠይቃል። ወንድምሽ ጀልባውን የነዳውን ልጅ ይቅር ሊለው ይችላል፣ ይህ የልቡ ጉዳይ ነው። ልጆቹ የሚበሉት እንጀራ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሽማግሌ ሁለቱን ሲቀላቅል ሁልጊዜ የሚጎዳው ደካማው ወገን ነው፣ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጊዜው አላለፈባችሁም፣ ግን እየሄደ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፣ አንቀጽ 2143። የእናንተ ሁለት ዓመት በመጪው ጥር ይሞላል። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም መክሰሻ የጊዜ ገደቡ፣ የበለጠ ረጅም ከሆነ ረጅሙ ይያዛል። አንቺ ግን በዚህ አትዘናጊ። «ሽምግልና ላይ ነን» ማለትም ቀኑን አያቆመውም። «ከፋሲካ በኋላ»፣ «ክረምቱ ይውጣና»፣ «መስቀል ይለፍ» እየተባለ ጥር ከተፍ ይላል። ስለዚህ ሽምግልናው ቢቀጥልም ክሱ ከክረምቱ በፊት ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ባለጀልባው ቃል እንምጣ። «እኔ አልነበርኩም» የሚለው ውሃ አያነሳም። አንቀጽ 2081 የማሽንና የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ማሽኑ ያደረሰውን ጉዳት እንዲክስ ያስገድዳል። የነዳው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ አይድንም። የሚድነው በዚያን ሰዓት ተሰርቆብኝ ነበር ብሎ ካስረዳ ነው። በየቀኑ ጀልባውን የሚያንቀሳቅስ የእህት ልጅ ቁልፍ አነሳ ማለት ሌብነት አይደለም። የጀልባ ሞተር ማሽን ነው፣ ክሳችሁን በዚህ አንቀጽ ላይ መሥርቱ። ባለቤቱ «አላጠፋሁም» ቢል አይረዳውም፣ ይህ ኃላፊነት ጥፋትን አይጠብቅም። እንዲያም ሆኖ የነጂውን ቸልተኝነት በአማራጭ ጨምራችሁ ጻፉ፣ ነጂውንም አብራችሁ ክሰሱ። ሁለቱም በአንድነትና በነጠላ እንዲከፍሉ ጠይቁ፣ ማለትም ከሁለቱ አንዱም ብቻውን ሙሉውን እንዲከፍል መጠየቅ እንዲቻል።

የመብራቱ ነገር ግን በቁም ነገር የሚታይ ነው። አንቀጽ 2086 ባለቤቱ ነፃ የሚወጣው ጉዳቱ የደረሰው በተጎጂው ጥፋት ከሆነ ነው ይላል፤ ተጎጂው በከፊል ካጠፋ ካሳው በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ክርክሩ የሚያተኩረው እዚህ ላይ ነው። ጎህ ቀድዶ ነበር ወይስ ጨለማ ነበር? ጀልባው በምን ፍጥነት ይሄድ ነበር? ዓሣ አስጋሪዎች በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ መኖራቸውን የጣና ጀልባ ነጂ ሁሉ ያውቃል። ያን ዕለት አጠገቡ መረብ ያነሱ የነበሩ ባልንጀሮቹ ወርቅ ናቸው። ትዝታቸው ሳይደበዝዝ ስማቸውንና ያዩትን ጻፊ። ከተረፈች የታንኳዋን ስብራት ፎቶ አንሺ፣ የሆስፒታሉን ካርድና ደረሰኞች በሙሉ ሰብስቢ።

150 ሺህው ብር ተገቢ ነው ወይ ላልሽው፣ አንቺው ራስሽ ቁጠሪው። ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል ሕጉ። ወደፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳትም ሳይጠበቅ አሁን ይከፈላል፣ አንቀጽ 2092። መጀመሪያ ከሐኪሞች ቦርድ የአካል ጉዳቱን በመቶኛ የሚገልጽ ማስረጃ አውጡ። ያለዚህ ወረቀት ሁሉም ነገር ግምት ነው።

ለምሳሌ እንበል፣ ወንድምሽ የመረብና የታንኳ ወጪውን ቀንሶ በወር 9,000 ብር ይቀረው ነበር። ቦርዱ 50 በመቶ አለ እንበል። የጠፋው ገቢ በወር 4,500 ብር ይሆናል። እስከ 60 ዓመቱ ይሠራ ነበር ቢባል 29 ዓመት ይቀረዋል። 4,500 በ348 ወር ሲባዛ 1,566,000 ብር ነው። ፍርድ ቤቱ ይህን ሁሉ ላይሰጥ ይችላል። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ስለሚከፈልም፣ በመብራቱ ምክንያትም ሊቀንሰው ይችላል። ግን አየሽው አይደል፣ የቀረበላችሁ የዚህን አንድ አሥረኛ አይሞላም።

በዚህ ላይ ሰው ሠራሽ እግር አለ። አንዴ ተገጥሞ ዕድሜ ልክ የሚኖር ነገር አይደለም። የተቆረጠው ቦታ በጊዜ ብዛት ይከሳል፣ ቅርጹ ይለወጣል፣ የድሮው ማቀፊያ ይሰፋዋል ወይም ይፍቀዋል። ጭቃና ውሃ ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ ቶሎ ይጨርሰዋል። ለአዋቂ ሰው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ይቀየራል። በ29 ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚሆን አስቢ። ከሐኪሙ ወይም ከተሐድሶ ማዕከሉ በጽሑፍ አስወጡት፣ የመጓጓዣውንም ጨምሩ።

ስለ ስቃዩ ልንገርሽ፣ ታዝኚያለሽ። ለሕሊና ጉዳት የሚፈረደው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በአንቀጽ 2116 ተወስኗል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፣ ያኔ ብሩ ብር ነበር። ይህ ወሰን ዛሬ ለአካል ጉዳተኛ ስድብ ነው ብዬ አምናለሁ፣ መቀየርም አለበት። እስከዚያው ግን ክሳችሁ የሚያርፈው በጠፋው ገቢና በወጪው ላይ ነው። ስለዚህ ነው የገቢ ማስረጃ አጥብቄ የምጠይቅሽ። ቆረሶውንና አምባዛውን ይገዛችሁ የነበረው ነጋዴ ማን ነው? ማኅበር ካለው የማኅበሩ መዝገብ? አንድም ወረቀት ባይኖር ምስክር ይሰማል። ትክክለኛውን መጠን ማስረዳት ካልተቻለም ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ መስሎ በታየው መጠን፣ እንዲወስን ሕጉ ፈቅዷል።

ለጠበቃ የለንም ብለሻል። ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ይዞ የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍሉ መክሰስ ይቻላል፣ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ደግሞ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ነገ ሂጂ። ክሱን ሲጽፉላችሁ ጀልባው ሳይሸጥ እንዲታገድ አብረው እንዲጠይቁ ንገሪያቸው። ሰው ተፈርዶለት የሚያስፈጽምበት ንብረት ሲያጣ ማየት በጣም ያማል። ባለቤቱን ጀልባው መድን ይኑረው አይኑረው ጠይቁት። መኪና ቢሆን የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነበር፣ ያ አዋጅ ግን የመንገድ ተሽከርካሪን ነው የሚመለከተው።

የፖሊስ መዝገቡንም አትተዉት። ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄደሽ ቁጥሩን ጠይቂ። ክስ ከተመሠረተ ወንድምሽ እዚያው ወንጀል ችሎት ላይ ካሳ እንዲወሰንለት ማመልከት ይችላል። ልጁ በነፃ ቢለቀቅ ደግሞ አትደንግጡ። የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ ውሳኔ አይታሰርም።

አሁን ስለ ራሱ ስለ ወንድምሽ። የሌለ እግር ማሳከኩ እብደት አይደለም፣ እግራቸው የተቆረጠባቸው ብዙ ሰዎች ይሰማቸዋል። አእምሮ እግሩን ገና አልረሳውም። ለሐኪሙ ይንገረው፣ መድኃኒትም አለው፣ በመስታወት ፊት የሚደረግ ልምምድም አለ። «ሸክም ሆንኩባችሁ» የሚለው ግን ከሕመሙም በላይ ያስጨንቀኛል። ለመፈረም የቸኮለው ብሩን ፈልጎ ሳይሆን እናንተን ለማሳረፍ ይመስለኛል። ሱቁ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ይክፈት። ግን አሳድገኸኛል፣ አሁን ተራው የእኔ ነው በይው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈሽ አሳዪው፣ ሚስቱም አብራ ትስማ።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ በትሕትና ተቀበሏቸው፣ ቡና አፍሉላቸው። «የቦርድ ማስረጃውን እየጠበቅን ነው፣ ያለ እሱ አንነጋገርም» በሏቸው። ባለጀልባው የሰጣችሁ 30 ሺህ ብር ለሕክምና የተከፈለ ተብሎ ይታሰብ፣ በዚህ አትከራከሩ። ባለጀልባው ለአሁኑ ችግር ገንዘብ ልስጥ ካለ ተቀበሉት፤ ደረሰኙ ላይ ግን «ከካሳው ላይ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ። በመጨረሻ በጥሩ ገንዘብ ከተስማማችሁ ረቂቁን ከመፈረማችሁ በፊት ለዩኒቨርሲቲው የሕግ ባለሙያ አሳዩት፣ ክፍያውም በፊርማው ቀን በባንክ ይግባ።