ልጄ ማስላት ትችላለች፤ የጥያቄው ቃል ግን ያደናግራታል

ጥያቄ፦ የመሐል ሜዳ ከተማ ነዋሪ ነኝ። 6ኛ ክፍልን ያጠናቀቀችው ልጄ መደመርም ሆነ ማካፈል አይቸግራትም፤ ጥያቄው በዐረፍተ ነገር ሲቀርብላት ግን የትኛውን ስሌት መጠቀም እንዳለባት ይጠፋታል። በመጪው ዓመት ደግሞ ሒሳብን በእንግሊዝኛ መማር ትጀምራለች። ጎረቤቴ የእንግሊዝኛውን የሒሳብ ቃላት ክረምቱን በቃሏ እንድትይዝ መክራኛለች። ይጠቅማት ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የቃላት ዝርዝሩ ለጊዜው ይቆይ። ከገለጹልን እንደምንረዳው ልጅዎ የተቸገረችው በእንግሊዝኛ ሳይሆን፣ በአማርኛው ቃልና ቃሉ በሚያዘው ስሌት መካከል ያለውን ዝምድና በመለየት ነው፤ ይህ ሳይጠራ የሚታከል የባዕድ ቃል ሸክም ብቻ ይሆንባታል።

ለመፈተን ያህል እንዲህ ብለው ይጠይቋት፦ «የእኛ በጎች 6 ናቸው፤ የጎረቤታችን ከእኛ በ3 ይበልጣሉ፤ የአጎትሽ ደግሞ የእኛን 3 እጥፍ ናቸው።» ጎረቤት 9፣ አጎት 18 በጎች አሏቸው። ለሁለቱም 9 ብላ ከመለሰች «በ3 መብለጥ» መደመርን፣ «3 እጥፍ» ግን ማባዛትን እንደሚጠይቅ ገና አልለየችም ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው «ስፋት» በሚለው ቃል ነው፤ ጥፋቱም የተማሪው አይመስለንም። በቤት ውስጥ ስለ ጨርቅ ወይም ስለ በር ስፋት ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ ወርዱን ማለታችን ሲሆን፣ በሒሳብ መጽሐፍ ግን ስፋት ማለት ርዝመት በወርድ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ስለዚህ ገመድና ሜትር ይዛችሁ ወደ ጓሮ ውጡ። የድንች መደቡ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር ቢሆን፣ በድንጋይ ካብ ለማጠር የሚለካው ዙሪያው 26 ሜትር፣ ድንቹ የሚያርፍበት ስፋቱ ደግሞ 40 ካሬ ሜትር ነው። ካቡን የምትክበው እርሷ ብትሆን የትኛውን ቁጥር እንደምትፈልግ ይጠይቋት።

ክፍልፋይ ላይ የገጠር ልጅ ብልጫ አለው። መሬት በእኩል ወይም በሲሦ ሲታረስ የሰማ ልጅ፣ 4 ከ3 ስለሚበልጥ ብቻ ሩብ ከሲሦ ይበልጣል ብሎ አይታለልም። ከዚያ በኋላ በ1/3 ውስጥ 1 ላዕል፣ 3 ታሕት መባላቸውን መንገር ቀላል ነው። 17 ለ5 ሲካፈል 3 ድርሻ፣ 2 ቀሪ መሆናቸውንም እንዲሁ አንድ ሁለት ጊዜ ሠርታ ታየዋለች።

እንግሊዝኛው ሲጀመር፣ ከቃላቱ ፍቺ ይልቅ የዐረፍተ ነገሩን ቅደም ተከተል ይጠንቀቁ። በአማርኛ «ከ30 ላይ 12 ቀንስ» ስንል ቀድሞ የሚመጣው 30 ነው፤ በእንግሊዝኛው «ሰብትራክት 12 ፍሮም 30» ግን 12 ይቀድማል። ቁጥሮቹን በተጠሩበት ተራ የምትጽፍ ተማሪ 18ን ልታገኝ ሲገባት 12 ሲቀነስ 30 ብላ ትጽፋለች። «12 ሌስ ዛን 30» (ከ30 በ12 የሚያንስ) የሚለውም እንደዚሁ ነው። ማካፈል ግን አያስቸግራትም፤ «20ን ለ4 አካፍል» እና «ዲቫይድ 20 ባይ 4» ተራቸው አንድ ነውና። ስለዚህ ዝርዝር በቃል ከምትይዝ ይልቅ፣ ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ራሷ ያወጣችውን አንድ ጥያቄ ከነስሌቱ በደብተሯ ብትጽፍ ይሻላታል፤ በመቀነስ ትጀምር።