ካርዱን ቶሎ አትገልብጡት

አራት ኪሎ አካባቢ ጠመኔ ጨብጬ ነው ያረጀሁት። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ገና ማስተማር የጀመራችሁ ልጆች ስለ ፍላሽ ካርድ ስትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። አንዳንዶቻችሁ ግን ካርዱን የምታሳምሩት ለሱፐርቫይዘር ነው። ባለ ቀለም ማርከር፣ ሥዕል፣ ጌጥ። ሱፐርቫይዘሩ ይመጣል፣ «መርጃ መሣሪያ አለ» ብሎ ምልክት ያደርጋል። ካርዱም ቁም ሳጥን ይገባል። ከዚያ ወዲያ የሚያገኘው አይጥ ነው።

ካርድ ማለት ጥያቄ ነው። ፊቱ ላይ «የብረት ኬሚካላዊ ምልክት?» ይባላል፣ ጀርባው ላይ መልሱ ይጻፋል። አለቀ። የደብተሩን ኖት አሳንሶ ካርድ ላይ መገልበጥ ድካም ብቻ ነው።

ትልቁ ሥራ ያለው ካርዱ ከመገልበጡ በፊት ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው። ልጁ «ቲቸር ቆይ፣ ቆይ፣ አፌ ላይ ነው!» ይላል። ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ጎኑ ያለው ልጅ ሊነግረው ይቁነጠነጣል። እናንተም አንጀታችሁ አይችልም፣ ትገለብጡለታላችሁ። ተዉት! ያቺ ሲያምጥ ያያችኋት ደቂቃ ናት የምታስተምረው።

ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይህንኑ አሳይተዋል። አንዱ የተማሪዎች ቡድን ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንዴ አጥንቶ፣ ከዚያ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ደጋግሞ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገላበጠ። የኛ ተማሪ ለፈተና ሲሸመድድ አድሮ፣ ጠዋት አራግፎት ሲወጣ አላያችሁም?

የኔታ ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። ሀሁን በዜማ የሚወርደው ልጅ መሀል ላይ «ቶ» ሲጠቁሙበት «ተ፣ ቱ፣ ቲ…» ብሎ ከላይ ይነሳል። ፊደሉን ሳይሆን ዜማውን ነዋ የያዘው። አቡጊዳ መላው ነበር፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ቅደም ተከተሉ ሲዘበራረቅ ያወቀና ያላወቀ ይለያል። እናንተም ካርዱን እንደ ካርታ በውዙ። ሁልጊዜ በአንድ ተራ ከመጣ ልጆቹ ተራውን ያጠናሉ።

ካርዱን ከፊት ይዛችሁ ክፍሉን በአንድ ድምፅ አታስጩኹ። «ገባችሁ?» «አዎዎዎ!» የሚለውን ታውቁታላችሁ። ሦስት አራቱ ይመልሳሉ፣ የቀረው ያዜማል። ይልቅ ለየዴስኩ አንድ እሽግ ስጡ። አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይመልስ፣ ከዚያ ይቀያየሩ። ክፍሉ ይንጫጫል። ርዕሰ መምህሩ በበር ብቅ ቢል አትደንግጡ።

የተሳተና የተመለሰ ካርድ አይቀላቀል። ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጀርመን ያስተዋወቀው ዘዴ አለ። የጫማ ካርቶን ከፋፍሉ። ሁሉም ካርድ ከመጀመሪያው ክፍል ይነሳል። የተመለሰው ወደ ቀጣዩ ያልፋል፣ እየራቀ በሄደ ቁጥርም አልፎ አልፎ ብቻ ይጠየቃል። የተሳተው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያው ክፍል በየቀኑ ይታያል።

ወረቀቱስ? ስስ ከሆነ ልጆቹ ወደ መስኮት አንስተው መልሱን ከጀርባ ያነቡታል። ብልጦች ናቸው። ማተሚያ ቤቶች ጎራ በሉና ከሠርግ መጥሪያ የተረፈ ወፍራም ቁራጭ ጠይቁ። ፈገግ ብሎ የሚሰጥ አይጠፋም።

ካርድ ሁሉን አይችልም። ፎቶሲንተሲስ ምን እንደሆነ ያልገባው ልጅ ትርጉሙን ከካርድ ቢሸመድድ በቀቀን ይሆናል። መጀመሪያ አስረዱ፣ ቅጠል ይዛችሁ ግቡ፣ ተከራከሩ። ለድርሰትም ካርድ አይሆንም። ለቃላት፣ ለምልክቶች፣ ለማባዛት ሰንጠረዥ፣ ለዓመተ ምሕረት ግን የሚያህለው የለም።

ሲለምዱት ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉ። ጥያቄ ለማውጣት ማሰብ ግድ ነው። ግን እሽጉ ከመዞሩ በፊት እርማት አድርጉበት። ካለበለዚያ የአንዱ ልጅ ስህተት በሳምንት ውስጥ የክፍሉ ሁሉ ይሆናል።