የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቤቴ በቅርስነት ቢመዘገብ ምን ይቀርብኛል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳርቻ አጠገብ፣ ከአባቴ የወረስሁት በኖራ የተገነባ የድንጋይ ቤት አለኝ። ሰፈራችንን በቅርስነት ለማስጠበቅ በታሰበው ሕዝባዊ ምክክር ላይ እንድገኝ ተጠርቻለሁ። ቤቱ ቢመዘገብ ባለቤትነቴን አጣለሁ? መጠገንስ እከለከላለሁ?

መልስ፦ ባለቤትነትዎን አያጡም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በማንኛውም ሰው ባለቤትነት ሥር ሊሆን እንደሚችል ይደነግጋል፤ ይሁን እንጂ ባለቤቱ በራሱ ወጪ እንዲንከባከበው ያስገድዳል፣ የጥገና ሥራም ያለ ቅድሚያ ፈቃድ እንዳይጀመር ይከለክላል። ወጪው ከባለቤቱ ዐቅም በላይ ሲሆን ግን መንግሥት በከፊል ሊያግዝ እንደሚችል አዋጁ ስለሚፈቅድ፣ እገዛው ለማን፣ በምን መስፈርትና ከየትኛው በጀት እንደሚሰጥ በስብሰባው ላይ አጥብቀው ይጠይቁ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ያድርጉ።

ፈቃዱን እንደ ማነቆ ብቻ ባያዩት እመርጣለሁ። የኖራ ግንብ የሳበውን እርጥበት መልሶ ያስወጣል፤ በሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና ድንጋዮቹን ያያያዘው ኖራ እየላላ ይረግፋል። እንደ ጣና ዳር ባለ እርጥበታማ ስፍራ ይህ ጉዳት ቶሎ ይታያል፤ በቅን ልቡና የታደሱ ስንት ግንቦች በዚሁ ምክንያት መበላሸታቸው ያሳዝነኛል። ስለዚህ ቤትዎን የሚያየው ባለሙያ ኖራ የሚያውቅ መሆኑን ያረጋግጡ።

ለምክክሩ የይዞታ ማረጋገጫዎን፣ የቤቱን የቆዩ ፎቶግራፎችና አባትዎ ስለ ግንባታው የነገሩዎትን በጽሑፍ ይዘው ይቅረቡ። የጥበቃው ክልል በካርታ ላይ ሳይሰመርና የእርስዎ ግቢ ከመስመሩ ወዲህ ይሁን ወዲያ ሳይለይ ግን በድጋፍ ፊርማ ላይ አይፈርሙ።