«አርትለስ» ሙገሳ ነው ወይስ ነቀፋ?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት ወጣት «አርትለስ» ተብላ ተገልጻለች። «ጥበብ የሌላት» ብዬ ብተረጉመው ከታሪኩ ጋር አልሄድ አለኝ። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ያሳሳተዎ «አርት» የሚለው ክፍል ነው። እዚህ ሥዕልና ሙዚቃን ሳይሆን ዘዴን፣ ብልጠትን፣ ተንኮልን ያመለክታል፤ «ለስ» ደግሞ «የሌለው» ነው። ስለዚህ ወጣቷ የማታስመስል፣ በልቧ ያለው በአፏ የሚወጣ ናት። «ገራገር» በደንብ ይተካዋል። «የዋህ»ም ያስኬዳል፤ ግን አንዳንዴ ሞኝነትን ስለሚጠቁም ዐውዱን ይመልከቱ።

ጥንቃቄ የሚያሻው ቃሉ ስለ ሥራ ሲነገር ነው። ሰው ወይም ፈገግታው «አርትለስ» ቢባል ሙገሳ ነው፤ ትርጉም ወይም ሕንፃ ቢባል ግን «ሙያ የጎደለው» ተብሎ ሊወሰድ ይችላል። የደራሲን ያልተኳለ አጻጻፍ ለማድነቅ «አንአፌክትድ» (unaffected) ይሻላል። እሱም ቢሆን «ባይ» (by) ከተከተለው «ያልተነካ» ወደሚል ፍቺ ይዞራል።

ሌላው ቅርብ ቃል «ኢንጀንዩስ» (ingenuous) ነው፤ ግልጽና ተንኮል የሌለው ማለት ነው። «ኢንጂንየስ» (ingenious) ግን ብልኃተኛ፣ ፈጣሪ አእምሮ ያለው ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ ተማሪዎች አዘውትረው ያምታቷቸዋል። በንግግር ሲሆን የመጀመሪያው «ጀን»ን አጥብቆ፣ ሁለተኛው «ጂን»ን አስረዝሞ ይነበባል። በዛሬው እንግሊዝኛ በብዛት የሚያጋጥምዎ ተቃራኒው፣ «ዲስኢንጀንዩስ» ነው፦ እያወቀ ያላወቀ የሚመስል።