ምጣዱ ሲነዝር
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቤት ኤሌክትሪክ

ጥያቄ፦ የምተዳደረው እንጀራ ጋግሬ በመሸጥ ነው። ሐምሌ ከገባ ወዲህ የምጣዱን ጠርዝ በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግ ይነዝረኛል። ነጠላ ጫማ ካደረግሁ ግን ምንም አይለኝም። ጎረቤቶቼ «የክረምት እርጥበት ነው፣ ይተወዋል» ይሉኛል። እውነት ነው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እናታችን፣ ጎረቤቶችዎ ስለ እርጥበቱ አልተሳሳቱም። «ይተወዋል» ያሉትን ግን አይስሟቸው። ምጣዱን ዛሬውኑ ከሶኬት ይንቀሉት፤ እስኪጠገን ድረስም አይጋግሩበት።

በሸክላው ጀርባ በተቀረጸው ቦይ ውስጥ ጥቅልሉ ሽቦ ይዘረጋና በጀሶ ይታሸጋል። ሸክላው ሲሰነጠቅ፣ ስንጥቁ የፀጉር ያህል ቢቀጥንም፣ ሊጡ ይሰርግበታል። የቦካ ሊጥ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጀሶውም የክረምቱን እርጥበት ይጠጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ኤሌክትሪኩ ከሽቦው ሸክላውን ወደያዘው ቆርቆሮ ይሾልካል። ገመዱ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባበትንም ቦታ ይዩት፦ ሙቀት ያደረቀው ፕላስቲክ ተሰነጣጥቆ መዳቡ ቆርቆሮውን ነክቶ ይገኛል።

ነጠላ ጫማው ብልሽቱን ደበቀልዎት እንጂ አላዳነዎትም። ኤሌክትሪኩ በእግርዎ በኩል ወደ መሬት እንዳይወርድ ጎማው ስለከለከለው ነው ያልነዘረዎት። በአንድ እጅዎ ምጣዱን ነክተው በሌላው የቧንቧ ብረት ቢይዙ በደረትዎ ያልፋል። ባዶ እግሩን ማድ ቤት የሚገባ ልጅ ደግሞ ጫማም የለው።

ብሬከሩ ለምን እንዳልወረደ ይጠይቁ ይሆናል። 3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ የሚገጠምለት ብሬከር 20 ወይም 25 አምፔር ነው። ሰው ላይ ግን 0.03 አምፔር እንኳ አደገኛ ነው። ብሬከሩ ይህን ያህሉን አያውቀውም፤ የተሠራው ሽቦውን ከቃጠሎ ሊጠብቅ ነው።

ባለሙያው ሲመጣ ምጣዱ ቀዝቅዞና ተነቅሎ በመልቲሜትር ይለካው። በስፒናው ሁለት እግሮች መካከል 14 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ከእያንዳንዱ እግር ወደ ቆርቆሮው ሲለካ ደግሞ ከ1 ሚሊዮን ኦም በላይ መሆን አለበት፤ ወደ ሺዎች ከወረደ ይሾልካል። የተሰነጠቀ ሸክላ ይቀየራል፣ በሲሚንቶ አይለጠፍም።

የሾለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ቢጫና አረንጓዴ የኧርዝ ሽቦ፣ የምጣዱ ቆርቆሮ ቀለሙ ተፍቆ በጸዳበት ቦታ በቡሎን ይታሰር፤ ጫፉም ግቢ ውስጥ እስከተቀበረው የመዳብ ዘንግ ይድረስ። እዚህ ላይ አጥብቀን የምንለምንዎት ነገር አለ። አንዳንዱ ባለሙያ ዘንግ መቅበሩን ለመሸሽ ሶኬቱ ውስጥ ኧርዙን ከኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር ያገናኘዋል። ኒውትራሉ አንድ ቀን የተበጠሰ እንደሆነ የምጣዱ ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። እንዲህ እንዲያደርግ አይፍቀዱለት።

ለምጣዱ የራሱን መስመር በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ያስዘርጉ፤ ፌዙንም (ኤሌክትሪኩ የሚመጣበትን ሽቦ) ኒውትራሉንም አንድ ላይ የሚቆርጥ ማጥፊያም ያስገጥሙ። 30 ሚሊ አምፔር የሆነ የሊኬጅ ብሬከር ቢጨመርበት ደግሞ ሲሾልክ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። በላዩ ያለውን የመሞከሪያ ቁልፍ በወር አንዴ ይጫኑት፤ ካልወረደ አይሠራም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ተከራይቼ የምኖር ተማሪ ነኝ። በአንድ ዲቫይደር ምድጃና የውሃ ማፍያ እሰካለሁ። ስፒናው ጠቁሯል፣ የፕላስቲክ ሽታም አለው። ብሬከሩ ስለሚወርድብን አከራዬ በትልቅ ልቀይረው ይላሉ።

መልስ፦ እንዳይቀይሩት ንገራቸው። ትልቅ ብሬከር ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ አያወፍረውም፤ ከዚያ በኋላ ቀድሞ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል። የአንተ ምድጃ 1500፣ ማፍያው 2000 ዋት ከሆኑ ሁለቱ ሲደመሩ የአንድ እንጀራ ምጣድ ያህል ይስባሉ። ዲቫይደርህን ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ፤ ብዙዎቹ 10 አምፔር ይላሉ። የጠቆረው ስፒና ሶኬቱ ውስጥ ስለላላ ነው፤ የላላ ነገር ይግላል፣ የጋለው ደግሞ የበለጠ ይላላል። ሶኬቱንም ስፒናውንም አንድ ላይ ቀይር። ምድጃውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ስካ፤ ማፍያውን ምድጃው ሲጠፋ ተጠቀምበት።

ሌላም አለ። ስፒናው ተገልብጦም ስለሚገባ የምድጃው ማጥፊያ ኒውትራሉን ብቻ ሊቆርጥ ይችላል። ያኔ ሽቦው ቀዝቅዞም ፌዝ አለው። የገነፈለ ሽሮ ከመጥረግህ በፊት ንቀለው።

ጥያቄ፦ ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው ምን እናድርግ?

መልስ፦ እጁን አትያዙት። ብሬከሩን አውርዱ። ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት አላቁት። የማይተነፍስ ከሆነ የደረቱን መሐል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እየገፋችሁ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ፤ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ውሃም አይሰጥም። የተቃጠለውን ቆዳ ለ20 ደቂቃ በቀዝቃዛ የሚፈስ ውሃ ሥር አቆዩት፣ ቅባት አትቀቡት። ተነሥቶ «ደኅና ነኝ» ቢልም ልቡ እንዲታይ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።