የደበቅኩት ኮለም

ልጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ይህን የምጽፈው የሠራተኛ መረጃ በእጃችሁ ለሚያልፍ ወጣቶች ነው። በሰው ሀብት፣ በፋይናንስ ወይም በአይቲ ክፍል ሥራ የጀመራችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራተኛ ማህደር ስይዝ ኖሬያለሁ። ከሠራኋቸው ስህተቶች አንዱ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም። ከሱ ልጀምር።

መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኛው አዲስ መታወቂያ ካርድ ሊያሠራ ከአንድ የውጭ አታሚ ጋር ተዋዋለ። አታሚው "የሠራተኞቹን ዝርዝር ላኩልን" አለ። አለቃዬም "ዛሬውኑ ላክላቸው" አለኝ። ፎቶው ለብቻው ሄዷል። የቀረው ሙሉ ስም፣ የመለያ ቁጥርና የሥራ መደብ ነው። እኔ ጋ ያለው ግን ሁሉንም ነገር የያዘ አንድ ትልቅ የኤክሴል ፋይል ነበር። የትውልድ ቀን አለ፣ ደመወዝ አለ፣ የባንክ ሂሳብ አለ። በፍርድ ቤት ትዕዛዝ የሚቆረጥ ቀለብ ሳይቀር አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ "ምርመራ" የሚል ኮለም (ዓምድ) ነበረ። እዚያ የራሴን ማስታወሻ እጽፍበታለሁ። "የሕክምና ክትትል አላት፣ በየወሩ ሁለት ቀን ይፈቀድላት" ዓይነት ነገር፣ ከነሕመሙ ስም።

የማያስፈልጉትን ኮለሞች መርጬ ሃይድ አደረግኳቸው፤ ሳልሰርዛቸው ከዓይን ደበቅኳቸው ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ ሦስት ኮለም ብቻ ቀረ። ደህና አድርጌ ያጸዳሁት መሰለኝ። ላክሁት።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንዲት ሠራተኛ ቢሮዬ መጣች። በሩን ዘጋችው። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። "እኔ የነገርኩት ለአንተ ብቻ ነው። ጎረቤቴ ከየት ሰማች?" አለችኝ።

ክው አልኩ። ጎረቤቷ የምትሠራው እዚያ አታሚ ዘንድ ነበር። ሴትየዋ ከወጣች በኋላ የላክሁትን ፋይል ከፈትኩት። ከላይ ያሉት የኮለም ፊደላት ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይሉና ድንገት ኤም ላይ ይዘላሉ። ያን ዝላይ ያየ ሰው መሐል ላይ የተደበቀ ነገር እንዳለ ወዲያው ይገባዋል። ግራና ቀኝ ያሉትን ኮለሞች መርጦ፣ ማውሱን ቀኝ ጠቅ አድርጎ "አንሃይድ" የሚለውን መንካት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እኔም አደረግኩት። ሁሉም ተዘረገፈ።

የሴትየዋን ሕመም ስም እዚህም አልጽፈውም።

ይህ የእኔ ብቻ ስህተት አለመሆኑን ያየሁት ብዙ ቆይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ መልስ ሲሰጥ አንድ የኤክሴል ፋይል ላከ። የተጠየቀው በየማዕረጉ ስንት ሰው እንዳለ የሚያሳይ ቁጥር ነበር። ፋይሉ ውስጥ ግን የተደበቀ ሺት (ተጨማሪ ገጽ) ነበረበት። የ9,483 ፖሊሶችና ሠራተኞች የቤተሰብ ስም፣ የስማቸው መነሻ ፊደል፣ ማዕረግና የሥራ ቦታ ተጽፎበታል። ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆየ። እዚያ አገር ፖሊስ መሆኑን ከጎረቤት ደብቆ የሚኖር ሰው ስንት ነው! ለነዚያ ቤተሰቦች ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይህ ነው። ከዋናው ፋይል ላይ እየቀነሳችሁ አትላኩ። ባዶ ፋይል ክፈቱና የሚያስፈልገውን ብቻ ወደዚያ ውሰዱ። ስትገለብጡም ፔስት ቫሊዩስ በሚለው ይሁን፣ ፎርሙላው ተከትሎ እንዳይሄድ። ፒቮት ቴብል (ዝርዝሩን ደምሮ የሚያሳይ ሠንጠረዥ) ካለ ተጠንቀቁ፤ ድምሩን ብቻ እያሳየ ከኋላው ዝርዝሩን በሙሉ ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል። ሲኤስቪ (ጽሑፍ ብቻ የሚይዝ ቀላል ፋይል) አድርጌ ስለላክሁት ችግር የለም የሚል ልጅም ገጥሞኛል። ሲኤስቪ ሌሎቹን ሺቶች ይተዋል እንጂ የተደበቀ ኮለም ይዞ ይሄዳል። ፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሣጥን መለጠፍም ያው ነው። ከሣጥኑ ሥር ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ኮፒ ተደርጎ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ይነበባል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መጠየቅ አለ። እኔ ያን ቀን አታሚውን "ለካርዱ የትኞቹን መረጃዎች ነው የምትፈልጉት?" ብዬው ቢሆን ኖሮ ሦስት ነገር ይለኝ ነበር። አልጠየቅኩም። ወጣት ስትሆኑ መጠየቅ ሥራ አለማወቅ ይመስላችኋል። አለቃ "ቶሎ በል" ሲል ደግሞ ጭራሽ ይከብዳል። ግን "አንልክም" ማለት አይጠበቅባችሁም። "እሺ፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጋቸውን ጠይቄ አሁኑኑ አዘጋጃለሁ" በሉ። አሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው። ከልምዴ እንደማውቀው ኮንትራክተሩ፣ ማለትም ሥራውን በውል የወሰደው የውጭ ድርጅት፣ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ከጠየቀው ያነሰ ነው። "ሙሉውን ላኩ" የሚለው ምን እንዳላችሁ ስለማያውቅ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ "ስሙን አጥፍቼዋለሁ፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም" ይላል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብልህ ልጆች ሳይቀሩ የሚሳሳቱበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞችን የጤና መድን የሚያስተዳድረው አካል የሠራተኞቹን የሆስፒታል መረጃ ለተመራማሪዎች ሰጠ። ስም ተሰርዟል፣ አድራሻ ተሰርዟል። የትውልድ ቀን፣ ጾታና የፖስታ ኮድ ግን ሳይሰረዙ እንዳሉ ነበሩ። ላታንያ ስዊኒ የምትባል፣ ያኔ ገና ተማሪ የነበረች ባለሙያ፣ የግዛቱ አገረ ገዥ የሚኖርበትን የካምብሪጅ ከተማን የመራጮች መዝገብ በ20 ዶላር ገዛችና ሁለቱን አመሳከረች። በከተማው የአገረ ገዥውን የትውልድ ቀን የሚጋሩ 6 ሰዎች ተገኙ። ከስድስቱ 3ቱ ወንዶች ናቸው። በእሱ የፖስታ ኮድ የሚኖረው ደግሞ እሱ ብቻ ሆነ። የሕክምና መዝገቡ እጇ ገባ።

እናንተ ጋ ደግሞ ይህን ያህል ድካም እንኳ አያስፈልግም። አራት ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ካለች፣ ስሟ ቢጠፋም ደመወዟ የማን እንደሆነ ያስታውቃል። በትውልድ ቀን ፈንታ ዕድሜ ይበቃል። እሱም ቢሆን "ከ30 እስከ 39" ተብሎ ቢሰጥ ይሻላል። ሰውን ለይቶ መከታተል የግድ ከሆነ ለዚያ ሥራ ብቻ የሚያገለግል አዲስ ቁጥር ስጡት። ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር እናንተ ጋ ይቅር። የሠራተኛውን መደበኛ መለያ ቁጥር አትጠቀሙ፤ እሱ ባጁ ላይ ሁሉ ተጽፏል።

ስለ መላኪያው መንገድ ብዙ አልልም፣ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ፋይሉን በፓስወርድ ቆልፋችሁ ፓስወርዱን እዚያው ኢሜይል ላይ አትጻፉት፣ ደውላችሁ ንገሩ። ሊንክ ከላካችሁ ሊንኩን ያገኘ ሁሉ የሚከፍተው አይሁን፤ የሚዘጋበት ቀንም ይኑረው። ኢሜይሉ ራሱ የሚሞላላችሁን አድራሻ ሁለት ጊዜ እዩት።

መሐል ላይ የሚቀሩ ኮፒዎች ግን ያሳስቡኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሞሪሰንስ የተባለው የእንግሊዝ የሱፐርማርኬት ድርጅት የሠራተኞቹን የደመወዝ መረጃ ለውጭ ኦዲተር መስጠት ነበረበት። ፋይሉን እንዲያደርስ የታዘዘው የራሱ የውስጥ ኦዲተር ነው። ሰውየው አደረሰ። ግን በድርጅቱ ቂም ይዞ ነበርና አንድ ኮፒ ለራሱ ፍላሽ ላይ አስቀረ። በ2014 መጀመሪያ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን ስም፣ አድራሻ፣ የባንክ ሂሳብና ደመወዝ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። 8 ዓመት ተፈረደበት። ኦዲተሩ ጋ የደረሰው ፋይል ምንም አልሆነም፤ የወጣው መንገድ ላይ የቀረው ነው። ስለዚህ ፋይል ስታዘጋጁ ላፕቶፓችሁ ላይ፣ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ፣ ሴንት ሜይል ውስጥ ስንት ኮፒ እንደቀረ ቁጠሩና አጥፉ።

ውሉንም አንብቡት። "የሕግ ክፍል ሥራ ነው" አትበሉ፣ መረጃው ምን እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። መረጃው ለምን ሥራ ብቻ እንደሚውል ተጽፏል? ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል ወይስ ይጠፋል? ችግር ቢፈጠር ወዲያው ያሳውቃሉ? ኮንትራክተሩስ ለሌላ ሦስተኛ ሰው አሳልፎ ይሰጣል? የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ነገር በጽሑፍ ውል ላይ ግዴታ አድርጎታል። መረጃው ሲወጣ አሠሪው ድርጅት ባወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው እንዲያሳውቅም ያዛል። ኮንትራክተሩ ሳምንት ዝም ካለ ይህ እንዴት ይሆናል?

የሦስተኛውን ሰው ጥያቄ በዋዛ እንዳታዩት። እ.ኤ.አ. በ2023 ዜሊስ የተባለ የደመወዝ አዘጋጅ ድርጅት የሚጠቀምበት ሙቪት የሚባል የፋይል ማስተላለፊያ ሶፍትዌር በሰርጎ ገቦች ተጠቃ። ሶፍትዌሩ የሌላ ኩባንያ ነው። የቢቢሲ፣ የብሪቲሽ ኤርዌይስና የቡትስ ሠራተኞች መረጃ በዚያ በኩል ወጣ። ከነዚያ ሠራተኞች ስንቱ ሙቪት የሚባል ነገር መኖሩን ያውቅ ነበር?

አንድ ደብተር ያዙ። ኤክሴልም ይሁን ወረቀት ግድ የለም። ምን፣ ለማን፣ መቼ፣ ለምን እንደተላከ፣ መቼ እንደጠፋ። እኔ ያን ፋይል ሌላ ለማን ልኬው እንደነበር ስጠየቅ መልስ አልነበረኝም። ለኢንሹራንስ ሰዎችም ልኬው ነበር መሰለኝ። "መሰለኝ" ብዬ ለአለቃዬ ስመልስ የተሰማኝን እፍረት ዛሬም አልረሳውም።

ስህተት ስትሠሩ ደግሞ ያኔውኑ ተናገሩ። እኔ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ነገሩ የሚበርድ መስሎኝ ነው። በነዚያ ሁለት ቀናት አታሚውን ደውዬ ፋይሉን እንዲያጠፋ ማስደረግ እችል ነበር። በሦስተኛው ቀን ስንደውል ፋይሉ ሦስት ኮምፒውተር ላይ ተገኘ።

ሴትየዋን ይቅርታ ጠየቅኳት። "እሺ" አለችኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ቂም አልያዘችብኝም፣ ስንገናኝ ሰላምታዋ እንደ ወትሮው ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ የሁሉንም የፈቃድ መዝገብ ስደምር የእሷ ላይ ደረስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም የሕክምና ወረቀት አላመጣችም። በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ከዓመት ፈቃዷ ላይ እየቆረሰች ነበር የምትታከመው።