ኢንተርሉኪኑን ያመነጨው ማን ነው?

ጥያቄ፦ በጅማ የጤና ባለሙያ ነኝ። ስለ አንጎል ዕጢ በማዘጋጀው ጽሑፍ ላይ «የዕጢው ሕዋስ ማይክሮግሊያን ሲስብ ኢንተርሉኪን 6 ያመነጫል» ብዬ ብጽፍ (ማይክሮግሊያ የአንጎል የመከላከያ ሕዋስ፣ ኢንተርሉኪን 6 ደግሞ የብግነት መልእክተኛ ፕሮቲን ነው) ባልደረባዬ «የሚያመነጨው የትኛው ነው?» አለኝ። ዐረፍተ ነገሩ ስሕተት አለበት?

መልስ፦ በሰዋስው ረገድ ስሕተት የለበትም፤ የባልደረባዎ ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። ሕዋሱም ማይክሮግሊያውም በነጠላ ወንዴ ስለሚነገሩ «ያመነጫል» የሚለው ግስ ባለቤቱን ለይቶ አያሳይም። አንባቢ አስቀድሞ የሚያስበው የመጀመሪያውን ስም፣ ማለትም የዕጢውን ሕዋስ ቢሆንም፣ በ«ሲስብ» ላይ ያለው «ሲ» የባለቤት ለውጥን ስለማይከለክል ጥርጣሬው አይወገድም። በጅማ ገበያ «ነጋዴው ገበሬውን ሲጠራው ቡናውን አመጣ» ቢባል ያመጣው ገበሬው እንደሆነ ሰሚው አይጠራጠርም፤ «ጠርቶ ቡናውን አመጣ» ከተባለ ግን ያመጣው ነጋዴው ነው። ቦዝ አንቀጽ (እንደ «ጠርቶ» ያለው የግስ ቅርጽ)፣ «ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ጨቀየ» እንደሚባለው ሌላ ባለቤት በስሙ ካልተጠራ በቀር፣ የጀመረውን ባለቤት ይዞ ይዘልቃል።

የገበያውን ዐረፍተ ነገር ሰሚው ከኑሮ በሚያውቀው ይፈታዋል። የእርስዎን ግን የሙያው ዕውቀት እንኳ አይፈታውም፤ ግሊዮብላስቶማ በተባለው የአንጎል ካንሰር የዕጢው ሕዋሳትም፣ እነሱ በሚለቋቸው እንደ ሲኤስኤፍ 1 ባሉ ፕሮቲኖች ተስበው የሚመጡት የመከላከያ ሕዋሳትም ይህንኑ የብግነት መልእክተኛ ፕሮቲን ያመነጫሉና። ስለዚህ የትኛውን ማለትዎ እንደሆነ መወሰን ያለብዎ እርስዎ ነዎት። ማይክሮግሊያን ከሆነ «የዕጢው ሕዋስ ማይክሮግሊያዎችን ሲስብ፣ እነዚህ በበኩላቸው ኢንተርሉኪን 6 ያመነጫሉ» ይበሉ፤ የብዙ ቁጥሩ ብቻውን ጥርጣሬውን ያስወግዳል። «ኢንተርሉኪን 6 ይመነጫል» ማለትን ግን አልመክርም፤ የሳይንስ ጽሑፎቻችን አዘውትረው የሚሸሸጉበት ይህ አነጋገር ጥያቄውን ይደብቀዋል እንጂ አይመልሰውም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ነው። ኢንተርሉኪን 6 ከተቀባይ ፕሮቲኑ ጋር ሲጣበቅ በሕዋሱ ውስጥ ስታት 3 የተባለው ፕሮቲን ይነቃል፤ ወደ ኒውክለስ ገብቶም ሕዋሱን የሚያባዙና ከሞት የሚጠብቁ ጂኖችን ያሠራል። አመንጪውና መልእክቱን የሚቀበለው አንድ ሕዋስ ሊሆኑ ስለሚችሉ ብዙዎች «ሕዋሱ ያመነጨው ኢንተርሉኪን 6 ራሱን ያነቃቃል» ይላሉ። በአማርኛ «ራሱን» የሚመለሰው ወደ ግሱ ባለቤት ነውና እንዲህ ሲጻፍ ፕሮቲኑ ፕሮቲኑን አነቃቃ ማለት ይሆናል። «ሕዋሱ ራሱ ባመነጨው ኢንተርሉኪን 6 ይነቃቃል» ብለው ይጻፉ።